ለማታውቃቸው የምትመልስ

ቅዳሜ ጠዋት በዩኒቨርሲቲው የውሃ ጥናት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሴት ጩኸት ተሰማ። ጥበቃው ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ ሲደርስ አንዲት የክፍሉ መምህርት ተንበርክካ የባልደረባዋን የዶክተሯን እጅ ይዛ ታለቅሳለች። ዶክተሯ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ሥር በሆዷ ተደፍታለች። ከማጅራቷ በላይ ፀጉሯ በደረቀ ደም ተጣብቋል። ትንፋሽ ቀጭን ሆኖ ይመላለስባታል እንጂ ብትጠራ አትሰማም።

ኢንስፔክተሩ የደረሰው አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቆይማ» ይሉታል። ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ሊያልፍ ሲል «ቆይማ» ብሎ ወደ ኋላ የመመለስ አመል አለበት። አብራው የመጣችው ሳጅን ገና ወጣት ናት፤ ለኮምፒውተር ነገር ግን እሷን የሚያህል አልነበረም።

«ከመሰላል ወድቃ ይሆናል» አለች ሳጅኗ መደርደሪያውን ቀና ብላ እያየች።

«ቆይማ። መሰላሉ የታለ?»

መሰላሉ ታጥፎ ጥግ ላይ ቆሟል።

«የወደቀ ሰው ተነስቶ መሰላል አያጥፍም፣ ልጄ።»

ጠረጴዛው ላይ ረጅም የእንጨት ሳጥን ነበር። ውስጡ እንደ ሸንኮራ አገዳ የተቆራረጡ ድቡልቡል ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ተኝተዋል። የጥናት ክፍሉ ኃላፊ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ጉድጓድ ሲቆፈር ከሥር የሚወጣ ድንጋይ ነው። ኮር እንለዋለን» አለ።

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለ። የሳጥኑ አንድ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ስንጥሩ እንጨት ወለሉ ላይ አለ። ድንጋዮቹ ላይ ስስ አቧራ አለ፤ አንደኛው ላይ ግን የለም። ያንን በጓንት አንስቶ ለምርመራ ላከው።

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ሐኪም ደወለ። የተመታችው ከኋላ፣ በከባድና ክብ ነገር ነው፤ ደሙ ከደረቀም ቆይቷል፤ አደጋው አርብ ከሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ትተርፋለች ወይ ሲሉት፣ «እንጃ፣ መጠበቅ ነው» አለ።

* * *

መምህርቷን በራሷ ቢሮ አነጋገሯት። ቢሮዋ ከዶክተሯ ቢሮ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እህቴ ናት» አለች። «ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ አንድ መኝታ ክፍል ነው ያደግነው ማለት ይቻላል። ሰርጓ ላይ ሚዜዋ እኔ ነበርኩ።»

«ትናንት መቼ ተያያችሁ?»

«ምሳ አብረን በላን። ከዚያ እኔ ላብራቶሪ ገባሁ፤ እስኪመሽ አልወጣሁም። የላብራቶሪው ሠራተኛ ከውጭ ሆኖ ሲሰማኝ ውሏል።»

«ዛሬስ ቅዳሜ ምን አመጣዎት?»

«ሥራ ነዋ። የሚጠብቀኝ ሥራ ሞልቷል።»

«ጠላት አላት?»

መምህርቷ መሀረቧን አጣጠፈች። «እሷን ሰው ሁሉ ይወዳታል። መዘዟም እሱ ነው። ብሎግ አላት፤ የግሏ። ስለ ጉድጓድና ስለ ከርሰ ምድር ውሃ የምትጽፍበት። ከየትም ይጽፉላታል። አንዱ ጥናቴን እይልኝ ይላል፣ ሌላው የሰፈራችን ውሃ ለምን ጨው ጨው አለ ይላል። አንድ በአንድ ትመልሳለች። ስንት ጊዜ መከርኳት፤ ጉልበትሽን ለመንገደኛ አትጨርሺ ብዬ!»

«የተጣላት መንገደኛ ይኖራል?»

«የዛተባት አለ። ሌላም አለ፤ ‹ጉድጓድ ቆፋሪው› ነኝ እያለ የሚጽፍላት። የእሱ መልእክት ሲመጣ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ባየህ…» አንተ ማለቷ ታወቃትና ደነገጠች። «ይቅርታ፣ ባዩ። ባሏ ደግሞ ቀናተኛ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የሰው ትዳር ነው።»

ከበሩ ሲወጡ ሳጅኗ በሹክሹክታ፣ «አልናገርም ብላ ተናግራ ጨረሰች» አለች።

* * *

ብሎጉን ሳጅኗ አገላበጠችው። ከገጹ አናት ላይ ዶክተሯ እንዲህ ብላለች፦ «ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ አላውቃችሁም ብላችሁ አትፈሩ። መጀመሪያ ግን ምን እንዳነበባችሁና ምን እንደሞከራችሁ ንገሩኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ለማንም አልጽፍም፤ ያላወቅኩትን አላውቅም እላለሁ።»

የዛተው ሰው ከሥሩ ተገኘ። «ዶክተር ነኝ ብለሽ አትኩሪ፤ የእጅሽን ታገኛለሽ» ይላል። ቀን የመጋዘን ጸሐፊ፣ ማታ ተማሪ ነው። ፈልገው ሲያገኙት ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ተጨማዷል፤ ፊቱ ግን ያበራል።

«ወንድ ነው!» አላቸው ማንነታቸውን ሳይጠይቅ።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ። አርብ የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ? ምጥ ሐሙስ ማታ ነው የጀመራት፤ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም። ነርሶቹን ጠይቁ፤ ውጣልን ብለው ሰልችቷቸዋል።»

ነርሶቹ ሳቁና መሰከሩለት። ዶክተሯ መመታቷን ሲሰማ ተነስቶ ቆመ።

«ዝቻ ነው እንዴ ያ! ተናድጄ ነው እኮ። ጽሑፌን ጨርሺልኝ ብላት ‹እስካሁን ምን አነበብክ› ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላነበብኩም ነበር፤ እሱ ነው ያናደደኝ።» አቀርቅሮ አንገቱን አከከ። «ኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። የሚነበብ ነገር ላከችልኝ። አሁን ልጁን ታቅፌ የማነበው እሱን ነው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፣ አለ ኢንስፔክተሩ በልቡ።

* * *

የቀረው ጉድጓድ ቆፋሪው ነበር። ሳጅኗ የተጻጻፉትን ሁሉ አነበበችው። ሰውየው ስለ ውሃ ይጠይቃል፤ ዶክተሯ ትመልሳለች። ቀስ በቀስ ግን መልሷ ይረዝማል። ስለ ልጅነቷ ምንጭ ታጫውተዋለች፤ በመስክ ጉዞ ላይ ስላሳለፈችው ፍርሃት ትነግረዋለች። «ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም» የምትልበትም ቦታ አለ።

«የፍቅር ቃል አንድም የለበትም፣ አለቃ» አለች ሳጅኗ። «ግን እኔ ባሏ ብሆን እበግናለሁ።»

መልእክቶቹ የሚላኩት ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ትንሽ አሰበና፣ «ጥግ ላይ የሚቀመጠውን ነው? አንገቱ ላይ ሜትር የሚያንጠለጥለውን? እዚህ ማዶ ልብስ ሰፊ ነው። አርብም ከምሳ በኋላ መጥቶ ማምሻውን ነው የወጣው» አለ።

ሁለቱ ተያዩ። የዶክተሯ ባል ልብስ ሰፊ ነው።

ባልየውን ያገኙት ሆስፒታል፣ ከሚስቱ ክፍል በር ላይ ነው። ቀደም ሲል አርብ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ ብሏቸው ነበር፤ ጎረቤቶቹ ግን ሱቁ ተዘግቶ እንደዋለ ተናግረዋል።

«ሚስትዎ ቤት ሳትመጣ ስታድር አልፈለጓትም?»

«ተኳርፈን ነበር። ዘመዶቿ ጋ የሄደች መሰለኝ።» ወደ ክፍሉ በር ዞረ። «ያንን ሌሊት ሙሉ መሬት ላይ መተኛቷን ሳስብ…»

«በምን ተኳረፋችሁ?»

«በጉድጓድ ቆፋሪው።»

«ቆይማ። ጉድጓድ ቆፋሪው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር አውልቆ በእጁ ጠቀለለው፤ ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው።

«ነኝ» አለ። «ምን ላድርግ? ቤት ስትገባ ደክማ ነው። እራት ላይ አንድ ነገር ስጠይቃት ‹ነገ› ትለኛለች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ትከፍትና ለማታውቀው ሰው በትዕግሥት፣ በፈገግታ ትጽፋለች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል፤ እኔ እሱ ነበርኩ። እስቲ እኔም የማታውቀው ሰው ልሁንላት ብዬ ጻፍኩ። መለሰችልኝ። ሲመልሱልህ ደግሞ ደስ ይላል፤ ደጋግሜ ጻፍኩ።»

«ታዲያ ደስ ካለዎት ለምን ተጣሏት?»

«ለእሱ የምትነግረውን ለእኔ አትነግረኝማ! ሐሙስ ዕለት መልእክቱን እያነበበች ስትስቅ አየኋት። ቀናሁ።»

«በራስዎ?»

«በራሴ። ሰውየውን ባገኘው እንቀው ነበር።» ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለበት። «አርብ ከሰዓት እውነቱን ልጽፍላት ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። እየጻፍኩ እሰርዛለሁ፣ እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። እሱን ለእናንተ መናገር አፈርኩ።»

ኢንስፔክተሩ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

* * *

ሰኞ ጠዋት የምርመራው ውጤት መጣ፤ አቧራ ያልነበረበት ድንጋይ በሳሙና ታጥቧል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን የዶክተሯ ደም ቀርቷል።

በዚያኑ ጠዋት የጣቢያው አዛዥ ኮማንደሩ ወደ ክፍላቸው ብቅ አሉ። «ያን ኢንተርኔት ቤት በአንድ ቀን ማግኘትሽ ጎበዝ የሚያስብል ነው» አሏት ሳጅኗን። ኢንስፔክተሩን በግንባራቸው ብቻ ሰላም ብለው ወጡ።

ኢንስፔክተሩ ፈገግ አለ። ይችን ልጅ ያስተማራት እሱ ነው። ስትመሰገን ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስ አላለውም። በሌላ ከተማ ያለ መርማሪ ሽልማት ሲወስድ በጋዜጣ አንብቦ አያውቅም? ቅንጣት አልተሰማውም። ይሄ ግን ከአጠገቡ ነው፤ በራሱ ጠረጴዛ፣ በራሱ ዓይን ሥር።

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እኛ የሩቅ ሰው ነው የምንፈልገው» አለ ድንገት።

«ምን አሉኝ፣ አለቃ?»

«ቅናት ሩቅ አይሄድም ነው የምልሽ። ተነሺ፣ ወደ ቢሮዋ እንሂድ።»

ቢሮው ደርሰው ከመደርደሪያው ሌላ የኮር ሳጥን አወረደ። ሁለት ረድፍ ድንጋይ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በተነና፣ «እንደነበረ መልሽው» አላት።

ሳጅኗ አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ አዟዟረች። «ቁጥር የላቸውም እኮ! ሁሉም ድንጋይ ነው።»

«ያኛው ሳጥን ጥጉ ተሰብሯል። ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ አይሰበርም፤ ወድቆ ነው። ከወደቀ ድንጋዩ ሁሉ ተበትኗል። ስናገኘው ግን ረድፉን ይዟል።» ኃላፊውን አስጠራው። «ይህ ጥጉ የተሰበረው ሳጥን በትክክል ነው የተደረደረው?»

ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ ረድፉን በጣቱ ተከተለ። «የጎደለው አንዱ ብቻ ነው፤ እናንተ የወሰዳችሁት። ሌላው በጥልቀቱ ቅደም ተከተል ነው። እንዲያውም ስብራቱ ከስብራቱ ተገጣጥሟል።»

«ይህን ያለ ቁጥር የሚደረድር ስንት ሰው አለ?»

«የዚህን ጉድጓድ?» ኃላፊው ትከሻውን ሰበቀ። «ተደርድሮ ሳይ አውቀዋለሁ እንጂ ተበትኖ ቢሰጠኝ እኔም አልችልም። የምሥራቁ ሸለቆ ጉድጓድ ነው። ሲቆፈር ቀን ከሌት እላዩ ላይ የነበሩት ሁለት ናቸው። ዶክተሯና…» አፉን ይዞ ቀረ።

* * *

ሳጅኗ የዶክተሯን ኮምፒውተር ከፈተች። «አርብ መጨረሻ ላይ የተከፈተውን መልእክት አይቼዋለሁ እኮ፣ አለቃ። ዛቻ የለበት፣ ፍቅር የለበት። ተራ የተማሪ ጥያቄ ነው።»

«ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

«‹ስሜን አልጠቅስም። በምሥራቁ ሸለቆ ውሃ ላይ እየሠራሁ ነው። ጨዉ ከላይ በዝቶ ወደ ታች ይቀንሳል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አማካሪዬን ብጠይቃት የማሽን ስህተት ነው ብላ ዘጋችኝ። እሷ ጋ መሄድ ትቻለሁ። የክፍላችን ልጆች ሁሉ የሚጽፉት ለእርስዎ ነው፤ እርስዎ…›»

«ቆይማ። ‹ብጠይቃት› ነው ያልሽው?»

ሳጅኗ መስመሩን ደግማ አየችው። ፊቷ ተለወጠ። «‹ዘጋችኝ›። አማካሪው ሴት ናት።»

ከዚያ በኋላ የቀረው ላብራቶሪው ነበር። ሠራተኛው አርብ ከሰዓት የውሃ መመርመሪያ ማሽኑ ሲጮህ መዋሉን፣ መምህርቷ ውስጥ መሆኗን በኩራት መሰከረ።

«በዓይንህ አየሃት?»

«ማሽኑ ሲሠራ ሰማሁ አልኩ እንጂ! ያለ ሰው ይሠራል እንዴ?»

ኢንስፔክተሩ የውሃ ናሙና ያለባቸውን ብልቃጦች ደርድሮ ማሽኑን እንዲያስነሳው ኃላፊውን ለመነው። ማሽኑ አንዱን ብልቃጥ ጨርሶ ራሱ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ በየመሀሉ ይጮሃል። ሁሉም እጁን አጣጥፎ ያየዋል፤ ማሽኑ ማንንም አልፈለገም።

* * *

መምህርቷ ጣቢያ ስትቀርብ ለስብሰባ እንደምትሄድ ሰው ለብሳ ነበር። ኢንስፔክተሩ ስለ ሳጥኑ ነገራት፤ ስለ ማሽኑ ነገራት። ፊቷ አልተለዋወጠም። ለቀረበላት ሁሉ መልስ ነበራት። ድንጋይ መደርደርን ተማሪም ሊለምደው ይችላል፤ ማሽኑንም ሽንት ቤት ለመሄድ ያህል ትታው ወጥታ ይሆናል።

ያኔ ኢንስፔክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳጥኑ ወድቆ ሲበተን ለምን መለሱት?» ሲል ጠየቃት። «እንደተበተነ ትተውት ቢሄዱ ማንም እርስዎን አይጠረጥርም ነበር።»

መምህርቷ ቀና አለች።

«መሬት ላይ ሊተው አይችልማ» አለች። «ያ ድንጋይ ስንት ወር ተለፍቶበታል። እዚያ በረሃ ውስጥ ወባ ይዞኝ ነው ያወጣሁት።»

ሳጅኗ ብዕሯን አቆመች። ሴትየዋ ያለችው ነገር ለራሷም ገና አሁን ገባት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«በሩቅ ሰዎች አልቀናሁባትም» አለች ከእጆቿ ሥር። «ዓለም ሁሉ ያመስግናት፤ ምን ተዳዬ። ግን የእኔ ተማሪዎች! በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። በግድግዳው በኩል ስትስቅ እሰማታለሁ፤ ማንን እያነጋገረች ነው እላለሁ። ኮሪደር ላይ ዝቅ ብለው እጅ የሚነሱኝ ልጆች ማታ ለእሷ ይጽፋሉ። አንድ ነን፤ አንድ ትምህርት፣ አንድ ዓመት፤ እንዲያውም ድንጋይ ማንበብ ያሳየኋት እኔ ነኝ። እሷ ምንጭ ሆነች፤ እኔ ደረቅሁ።»

«አርብስ?»

«ማሽኑን አስነሳሁና ብርጭቆ ልዋስ ቢሮዋ ገባሁ። እሷ እጇን ልትታጠብ ወጥታለች። መልእክቱ ክፍት ነበር። ‹እሷ ጋ መሄድ ትቻለሁ› ይላል። ዓይኔ ጨለመ። ስትመለስ እኔን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፤ ፈገግ አለች። ‹አየሽው? ልጅሽ ነው እኮ› አለችኝ። ፈገግ ብላ! መጽሐፍ ልታወርድ ዞር ስትል…» ቀሪውን በእጇ አሳየች። ሳጥኑ የወደቀው ድንጋዩን ስትመዝ ነበር። «ቅዳሜ የመጣሁት ሌሊቱን ሁሉ እስትንፋሷ ጆሮዬ ላይ ስለነበረ ነው። ሞታ አገኛታለሁ ብዬ ነው የገባሁት።»

ኢንስፔክተሩ አንድ ወረቀት ከመዝገቡ አውጥቶ ፊት ለፊቷ አስቀመጠ። «መልእክቱን ወደ ታች አላወረዱትም። ፈገግ ያለችው መልሷንም ያነበቡ መስሏት ነው። እርስዎ ከመግባትዎ በፊት ልካው ነበር።»

መምህርቷ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች።

«ውድ ጠያቂ፤» ይላል፣ «ጉድጓዱን በመጥቀስዎ አማካሪዎ ማን እንደሆነች አውቄያለሁ። በእሷና በእርስዎ መካከል መግባት አልፈልግም። ያንን ሸለቆ ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት፤ እኔም ድንጋይ ማንበብ የተማርኩት ከእሷ ነው። ስትደክም ትቆጣለች፤ ሲነጋ ግን ይቆጫታል። ጥያቄዎ ጥሩ ጥያቄ ነው። ይዘውት ይመለሱና ደግመው ያንኳኩ።»

መምህርቷ አንብባ ጨረሰች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አላለቀሰችም፤ ወረቀቱን እንደያዘች ተቀመጠች።

ስልክ ጮኸ። ሳጅኗ አንስታ አዳመጠችና፣ «ከሆስፒታል ነው፣ አለቃ። ዓይኗን ገልጣለች። ባሏን በስሙ ጠርታዋለች» አለች።

መምህርቷ ጠረጴዛው ላይ በክንዷ ተደፋች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ድምፅዋን አውጥታ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ጸጥ ስትል የሚወስዳት መኪና ገና አልደረሰም ነበር። ቀና ብላ፣ «የልጁን ጥያቄ እስቲ አሳዩኝ» አለች። «ያን ቀን አላነበብኩትም። ስለ እኔ ያለውን ብቻ ነው ያየሁት።»

ኢንስፔክተሩ ሰጣት። ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች ቆየች። ግንባሯ ተቋጠረ፤ የወንጀለኛነት ነገር ከፊቷ ላይ ለጊዜው ጠፋ።

«የማሽን ስህተት አይደለም» አለች። «ብዕር አላችሁ?»

ሳጅኗ አለቃዋን አየች። እሱ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። መምህርቷ ከወረቀቱ ጀርባ መጻፍ ጀመረች። ከላይ በመስኖ የሚጠጣው መሬት ውሃው ሲተንበት ጨው እንደሚተው፣ ዝናብ ሲመጣ ያንን ጨው አጥቦ ቀስ እያለ ወደ ታች እንደሚያወርደው፣ ገና ወደ ጥልቁ ስላልደረሰ ከላይ እንደሚበዛ አብራራች። ትንሽ የጉድጓድ ሥዕል ሣለች። የትኞቹን ድንጋዮች ማየት እንዳለበት ጻፈች። መኪናው ደርሶ ጥሩምባ ሲያሰማ፣ «አንዴ» ብላ የመጨረሻውን መስመር ጨረሰች።

«ለልጁ አድርሱልኝ» አለች።

ሳጅኗ ወረቀቱን ተቀበለች። «ማን ላከልህ ልበለው?»

መምህርቷ ተነስታ ቀሚሷን አስተካከለች፤ እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች።

«አማካሪህ በይው።»